ትንሹን ባቡር በቤት ውስጥ ስለ መሥራትና ስለ ማሻሻል

የባቡር ሞዴል ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚታየው የሕፃናት መጫወቻ ነው። በባትሪ ድንጋይ ኃይል በክብ ሐዲድ ላይ የሚዞር፥ ልጁ ሲሰለቸው ከአልጋ ሥር የሚጣል ዕቃ ይመስለዋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። በልክ የተሠራ የባቡር ሞዴል ሒሳብ፥ ፊዚክስ፥ ጂኦግራፊ፥ ታሪክና የእጅ ሥራ ባንድ ገበታ ላይ የሚገናኙበት ትምህርት ነው። የሚሠራውም ተማሪ መጽሐፉ ላይ ያነበበውን ቁጥር በእጁ ይዳስሰዋል።

ምሳሌያችን የአዋሽ ጣቢያና በአዋሽ ገደል ላይ የተዘረጋው የባቡር ድልድይ ይሆናሉ። ይህን የመረጥነው ቦታው ያማረ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የቀድሞው የጂቡቲ—አዲስ አበባ የምድር ባቡር ሥራ ቀርቶ፥ ሠራተኞቹ እያረጁ፥ ሕንፃዎቹም እየፈረሱ በመሆናቸው፥ ዛሬ ያልተለካው ነገ ሊለካ አይችልምና ነው።

፩ኛ. ስለ ታሪኩ ጥቂት

በጀርመን አገር የሚገኘው ሜርክሊን የተባለው ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ ልካቸው የተወሰነ ሐዲዶች ያሉት፥ በመጠምዘዣ የሚሠራ ትንሽ ባቡር አቀረበ። ከዚያ ቀደም እያንዳንዱ ሠሪ በገዛ ልኩ ስለሚሠራ የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም ነበር። ልክ ከተወሰነ በኋላ ግን ሰው ዛሬ የገዛውን ነገ ከሚገዛው ጋር ሊቀጥለው ቻለ። በ1935 ይኸው ፋብሪካ በጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ አነስተኛ ባቡር አወጣ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ አገር የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። ይህ ማኅበር የመንኰራኵርንና የሐዲድን ልክ እየወሰነ በማውጣቱ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቅማል።

የእኛን አገር ባቡር ያየን እንደሆነ፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የመንገዱን ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል፥ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋትም አንድ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኞች በድሬዳዋና በአዋሽ ያድሩ ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መንገድ ግን ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር ሲሆን በኤሌክትሪክ ኃይል ይሠራል። ስለዚህ ድሮ የነበረው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊቆም አይችልም።

፪ኛ. ስለ ልክ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው ልክ ነው። በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ የተስፋፋው ኤች ኦ የሚባለው፥ ትርጓሜውም ግማሽ ዜሮ የሆነው፥ አንድ ለሰማንያ ሰባት ነው። ይህ ማለት እውነተኛውን ነገር ለ87 አካፍለን እንሠራለን ማለት ነው። ቦታ የጠበበው ሰው አንድ ለ160 የሆነውን ኤን የሚባለውን ይመርጣል፤ የዚህ የሐዲድ ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ግን ለጀማሪ እጅ ያስቸግራል።

በ87 የማካፈሉን ሥራ በሚከተሉት ምሳሌዎች እንመልከት።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።
ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ ፉርጎ 13 ሴንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር ይሆናል።
6 ሜትር ቁመት ያለው ግራር 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።
አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ 11 ሜትር ተኩል ይሆናል።

እንግዲህ ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ በሙሉ በዚህ ልክ እንሥራ ብንል 9 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ያስፈልገናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፥ የገበታችን አንደኛው ጫፍ ከሌላው 26 ሜትር ከፍ ማለት ይኖርበታል፤ ይህም ካንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ጋር ይተካከላል። ከዚህ የምንማረው ነገር ቢኖር፥ ሞዴል የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚማረው መቀነስን ሳይሆን መምረጥን መሆኑን ነው። ሁሉን ልሥራ የሚል አንዱንም አይሠራም። እኛም አንድ ጣቢያ፥ አንድ ገደልና አንድ ድልድይ እንመርጣለን።

ስለ ሐዲዱ ስፋትም መወሰን አለብን። 1435ን ለ87 ብናካፍለው 16 ተኩል ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ በየአገሩ የሚሸጠው የኤች ኦ ሐዲድ ይኸው ነው። የቀድሞው የእኛ መንገድ ግን 1000 ለ87 ሲካፈል 11 ተኩል ስለሚመጣ፥ ለዚህ የሚስማማው 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ነው። ይህ ግን በቀላሉ አይገኝም፥ ዋጋውም ይበዛል። ስለዚህ ለጀማሪ በ16 ተኩሉ እንዲሠራ እንመክራለን፤ ሆኖም ሐዲዱ ከእውነተኛው አሮጌ መንገድ በ43 ሴንቲ ሜትር ያህል የሰፋ መሆኑን በገበታው ጠርዝ ላይ ጽፎ መለጠፍ ይገባዋል። ሞዴል ምስክር ነውና፥ ያልሆነውን ሆነ ብሎ መመስከር የለበትም።

የሕንፃን ልክ ከፎቶግራፍ ማግኘት ይቻላል። የጣቢያው በር 2 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። በፎቶግራፉ ላይ በሩ 10 ሚሊ ሜትር፥ ግድግዳው 22 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቢገኝ፥ አንዱ ሚሊ ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ማለት ነውና ግድግዳው 4 ሜትር ከ40 ነው። ለ87 ሲካፈል 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ፎቶግራፉ ግን ከፊት ለፊት በቀጥታ የተነሣ መሆን አለበት፤ ከጎን የተነሣ እንደሆነ ሩቁ ጫፍ ስለሚያንስ ልኩ ያሳስታል።

፫ኛ. ስለ ገበታው

«መጀመሪያ መቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ። ገበታው ያልጸና ባቡር ምንም ዋጋው ቢበዛ ከሐዲድ መውጣቱ አይቀርም።

ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀበት፥ አናጢዎች ኮምፔርሳቶ የሚሉት ሰሌዳ፥ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40 ያህል ነው። እኛ አንዱን ሙሉውን እንጠቀምበታለን። ሰሌዳው ብቻውን ስለሚጎብጥ ከሥሩ በቀጥታ እንጨት ማዕቀፍ ተሠርቶለት፥ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ጋድም እንጨት ይገባለታል። በምስማር ከመምታት በብሎን ማሰር ይሻላል፤ ብሎን የተሳሳተውን ለመፍታትና መልሶ ለማስተካከል ያስችላልና። እግሮቹ ከቆሙ በኋላ በውሃ ልክ በርዝመቱም በወርዱም ይለካ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። የሰው እጅ ያለ ችግር የሚደርሰው 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ወርዱ 1 ሜትር ከ20 የሆነውን ገበታ ከግድግዳ ጋር ያስጠጋነው እንደሆነ ከወዲያ ማዶ የወደቀውን ፉርጎ ማንሣት አይቻልም። ስለዚህ ገበታው በሁለቱም ወገን ሰው የሚቆምበት ይሁን፤ ክፍሉ ጠባብ ከሆነም እግሮቹ መንኰራኵር ይግባላቸው።

፬ኛ. ስለ ሐዲዱ አጣጣል

ሁለት ግማሽ ክቦችና ሁለት ቀጥታ መንገዶች ያሉትን ሞላላ መንገድ እንውሰድ። የክቡ ሬዲየስ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወርዱ 1 ሜትር ይሆናል፤ በየጠርዙም 10 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ቀጥታዎቹ እያንዳንዳቸው 120 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። የመንገዱ ጠቅላላ ርዝመት 314 እና 240 ተደምሮ 554 ሴንቲ ሜትር ነው። በእውነተኛው ዓለም ይህ 482 ሜትር ብቻ ነው። 36 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለውም ይሸጣል፤ ይሁን እንጂ ረጅም ፉርጎ በእንዲህ ያለ ጠባብ ክብ ሲዞር ጫፉ ወደ ውጪ ስለሚወጣ ያስጠላል፥ ከጎረቤቱም ይጋጫል።

ሐዲድ ሲጣል የሚከተሉት ይታሰቡ።

ሀ) ወደ ግራ ከታጠፈ በኋላ ወዲያው ወደ ቀኝ አይታጠፍ። በመካከሉ ቢያንስ ያንድ ረጅም ፉርጎ ርዝመት ያህል ቀጥታ ይግባ። አለዚያ የሁለቱ ፉርጎዎች መያያዣዎች ባንድ ጊዜ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሳሳቡ ከሐዲድ ያወጣቸዋል።

ለ) በየመጋጠሚያው የጣት ጥፍር ሲሄድበት የማይሰናከል ይሁን። ጥፍር የተሰናከለበት መንኰራኵር ይወጣበታል።

ሐ) በመጋጠሚያዎቹ መካከል የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተው፤ ብረት በሙቀት ይረዝማልና። በእውነተኛው መንገድ 12 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ሐዲድ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በአሮጌው ባቡር ስንጓዝ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ መንኰራኵሩ ይህን ክፍተት ሲሻገር የሚሰማ ነበር።

መ) ሐዲዱ በደንብ ተሞክሮ ሳያልቅ ኮላ አይነካው።

አሁን ወደ ድልድዩ እንምጣ። ብዙ ጀማሪ ባቡሩ ወደ ላይ ወጥቶ በድልድይ ላይ እንዲያልፍ ይመኛል። ሒሳቡን እንመልከት። ትንሹ ሎኮሞቲቭ ጥቂት ፉርጎዎችን እየጎተተ ያለ ችግር የሚወጣው ዳገት በመቶ 2፥ ቢበዛ በመቶ 3 ነው። 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማለት በመቶ 3 ዳገት 233 ሴንቲ ሜትር፥ ለመውረድም ሌላ 233 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ድምሩ 466 ነው። መንገዳችን በሙሉ 554 ስለሆነ ለጣቢያው የሚተርፈው ሜዳ 88 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። በመቶ 2 ያደረግነው እንደሆነ ደግሞ መንገዱ ጭራሽ አይበቃም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ባቡሩን ከማውጣት ወንዙን ማውረድ ይሻላል። ሐዲዱ በተስተካከለ ሜዳ ላይ እንዳለ፥ በኋለኛው ቀጥታ መካከል ከሰሌዳው 30 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክፍል ተቈርጦ ይወጣና ሌላ ሰሌዳ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከሥሩ ይታሰራል። ይህም በእውነተኛው ልክ 26 ሜትር ስፋትና 13 ሜትር ጥልቀት ያለው ገደል ማለት ነው። እውነተኛው ባቡርም ቢሆን ከፍ ባለው ሜዳ መጥቶ ነው ገደሉን የሚሻገረው። ይህን ሥራ ግን ሐዲድ ከመጣሉ በፊት በወረቀት ላይ ንድፍ አውጥቶ መጨረስ ያስፈልጋል፤ መጋዝ ከሐዲድ በኋላ ከመጣ ሁሉን ያፈርሳልና።

በፊተኛው ቀጥታ ላይ ጣቢያው ይቆማል። በዚያ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉበት ተጨማሪ ሐዲድ እንዲኖር ሁለት መለወጫዎች ይገባሉ። እያንዳንዱ መለወጫ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚወስድና ሐዲዶቹ በሚቀራረቡበትም ስፍራ ፉርጎ ሊቆም ስለማይችል፥ በመካከሉ የሚተርፈው ማቆሚያ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህም ለአንድ አጭር ሎኮሞቲቭና ለሦስት ፉርጎ ይበቃል። ሦስተኛ መለወጫ ጨምረን ደግሞ ጭነት የሚራገፍበትን አጭር የጎን ሐዲድ ማውጣት እንችላለን።

፭ኛ. ስለ ኤሌክትሪኩ

አብዛኛው ትንሽ ባቡር የሚሠራው እስከ 12 ቮልት በሚደርስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ኃይሉ ባንደኛው ሐዲድ ይመጣል፥ በመንኰራኵሩ በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል፥ በሌላው ሐዲድ ይመለሳል። ቮልቱ ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ የሁለቱ ሽቦዎች ቦታ ሲለዋወጥ ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁለቱ ሐዲዶች በብረት ከተነካኩ ግን ኤሌክትሪኩ በሞተሩ ሳያልፍ በአቋራጭ ይመለሳል፤ ይህም ሽቦውን ያግላል። መንገዱ ዞሮ ተመልሶ ከራሱ ጋር የሚገናኝበት ቀለበት የተሠራ እንደሆነ ግራው ሐዲድ ከቀኙ ጋር ስለሚገናኝ ይህንኑ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ ለጀማሪ ሞላላው መንገድ ይበቃዋል።

ባቡሩ ወደ ማዶ ሲሄድ የሚደክመው ብዙ ጊዜ ሞተሩ ስላረጀ አይደለም። በየመጋጠሚያው ጥቂት ጥቂት የኤሌክትሪክ መከላከል ስላለ፥ ከብዙ መጋጠሚያ በኋላ ቮልቱ ይቀንሳል። መድኃኒቱ ይህ ነው። ከገበታው ሥር ሁለት ወፍራም ሽቦ፥ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር፥ መንገዱን ተከትሎ ይዘረጋ። ከእነርሱም በየአንድ ሜትሩ ቀጫጭን ሽቦ ወጥቶ ቀዩ ለውጪው፥ ጥቁሩ ለውስጡ ሐዲድ በቆርቆሮ ይበየድ። ከምንጭ በአንድ ቦይ ብቻ የሚጠጣ እርሻ ዳሩ እንደሚደርቅ ሁሉ፥ በየሥፍራው ቦይ የወጣለት ግን እኩል ይጠጣል።

በጣቢያው ያሉት ሁለት ሐዲዶች እያንዳንዳቸው ባንድ በኩል በፕላስቲክ መጋጠሚያ ተለይተው የየራሳቸው ማብሪያና ማጥፊያ ይኑራቸው። እንዲህ ከሆነ አንዱ ባቡር ቆሞ ሲጠብቅ ሌላው ሊሄድ ይችላል። በዛሬው ጊዜ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶት፥ በውስጡ ባለች ትንሽ መሣሪያ ትእዛዙን እየለየ የሚቀበልበት የዲጂታል አሠራርም አለ፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ስለሆነ ተራውን ከተማሩ በኋላ ቢያስቡበት ይሻላል።

ወላጆች ሆይ፥ ስለዚህ ክፍል አንድ ማሳሰቢያ እናቀርባለን። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ ሰው ይገድላል። ስለዚህ 220ውን ወደ 12 የሚያወርደው መሣሪያ በፋብሪካ የተሠራና የታሸገ ይሁን፤ ማንም ተማሪ አይክፈተው። ሥራው ሲያበቃም ከግድግዳው ይነቀል። ከአሜሪካ አገር ዘመድ የሚልከው መሣሪያ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፥ በላዩ የተጻፈውን ሳያነቡ እኛ ቤት መሰካት መሣሪያውን ያቃጥላል፥ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ከአውሮፓ የሚመጣው ግን ለ230 ቮልት የተሠራ በመሆኑ ይስማማናል።

፮ኛ. ስለ መልክዐ ምድሩ

ለዚህ ክፍል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የገደሉ ግድግዳ ከካርቶን ቁራጭ ከተበጀ በኋላ በኮላ የራሰ ጋዜጣ ተደራርቦ ይለጠፍበታል፤ ሲደርቅ ጀሶ ተበጥብጦ ይቀባል። አዋሽ አካባቢ ያለው ድንጋይ ጠቆር ያለ ስለሆነ ቀለሙ ግራጫና ቡናማ ይሁን። መሬቱ በደቃቁ ተነፍቶ በደረቀ አፈር ይለብሳል። በሐዲዱ ሥር የሚፈሰው ጠጠር ከሽሮ ወንፊት ያለፈ ደቃቅ ድንጋይ ሆኖ፥ ውሃ በተቀላቀለበት ኮላ በጠብታ ይያዛል። መለወጫው አጠገብ ግን ኮላ እንዳይገባ ጥንቃቄ ይደረግ፤ የገባ እንደሆነ መለወጫው አይንቀሳቀስም።

ግራር ለመሥራት ቀጫጭን ሽቦዎች ባንድነት ተጠምዝዘው ከላይ እንደ ጃንጥላ ይከፈታሉ፤ በላያቸውም አረንጓዴ ቀለም የተነከረ የስፖንጅ ፍርፋሪ ይጣበቃል። ዛፎቹ የተራራቁና ራሳቸው ጠፍጣፋ ይሁን። ገበታውን እንደ አውሮፓ ጫካ በለመለመ ዛፍ መሙላት ቦታውን አዋሽ መሆኑን ያስረሳዋል።

አንድ ትልቅ ማሻሻያ እዚህ ላይ እንጨምር። በገበታው መካከል በርዝመቱ ሰማይ የተቀባበት ካርቶን ቢቆም፥ ከፊት ያለው ጣቢያ ከኋላ ካለው ገደል ይለያል። ባቡሩ ከጣቢያው ተነሥቶ ከዓይን ይሰወራል፤ ተመልካቹም ዞሮ ሲያየው በድልድዩ ላይ ያገኘዋል። ሞላላ መሆኑ ቀርቶ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድ መንገድ ይመስላል። ይህ ሁሉ የሆነው ባንድ ካርቶን ነው።

፯ኛ. ጉድለትን ስለ መፈለግ

ሥራው ካለቀ በኋላ እውነተኛው ትምህርት ይጀምራል። ባቡሩ ከሐዲድ ሲወጣ ብዙ ሰው ይናደድና አንሥቶ መልሶ ያስቀምጠዋል፤ እንደገናም ይወጣል። ከዚህ ይልቅ አንድ ደብተር ይዘጋጅ። በዚያ ላይ የወጣው ፉርጎ ቁጥር፥ የወጣበት ስፍራ፥ አቅጣጫውና ፍጥነቱ ይጻፍ። ከ20 ጊዜ ሙከራ በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። ልዩ ልዩ ፉርጎዎች ባንድ ስፍራ የሚወጡ ከሆነ ጉድለቱ የሐዲዱ ነው። አንድ ፉርጎ በልዩ ልዩ ስፍራ የሚወጣ ከሆነ ጉድለቱ የፉርጎው ነው። አንድ ፉርጎ ባንድ ስፍራ ብቻ፥ ያውም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ሁለቱም ይመርመሩ። ሐኪም የበሽታን ምክንያት፥ መካኒክም የሞተርን ብልሽት የሚፈልጉት በዚሁ ዓይነት አስተሳሰብ ነው።

ፉርጎው ቀላል በመሆኑ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ከላይ ያነሣነው የአሜሪካ ማኅበር ለኤች ኦ ፉርጎ 28 ግራም መነሻ አድርጎ በየ2 ተኩል ሴንቲ ሜትሩ 14 ግራም ያህል እንዲጨመር ይመክራል። በዚህ መሠረት 13 ሴንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር የሆነው ፉርጎአችን 105 ግራም ያህል መመዘን ይገባዋል። የጎደለውን በውስጡ ብሎን ወይም የብረት ቁራጭ በማጣበቅ መሙላት ይቻላል፤ ክብደቱ ግን ወደ ታች የቀረበና በመካከል የሆነ ይሁን።

ባቡሩ እየተንቀጠቀጠ ቢሄድ ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ቢል ሐዲዱ ቆሽሿል ማለት ነው። ጥቂት አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ግን አይገባም፤ ለጊዜው ያበራል፥ ነገር ግን የተጫረው መስመር ቆሻሻን ይዞ ስለሚያቆይ ጉዳቱ የባሰ ይሆናል።

፰ኛ. ስለ ፍጥነትና ስለ አሠራር ሥርዓት

በቀጥታው ሐዲድ ላይ 1 ሜትር ለክተን ሁለት ምልክት እናድርግ። ባቡሩ ይህን ለማለፍ የፈጀበትን ሴኮንድ በሰዓት እንያዝ። 313ን በሴኮንዱ ቁጥር ብናካፍል፥ እውነተኛ ባቡር ቢሆን ኖሮ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ እናገኛለን። ቁጥሩ የመጣው 87ን በ3.6 በማባዛት ነው። በ10 ሴኮንድ ያለፈ 31፥ በ5 ሴኮንድ ያለፈ 63 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በ2 ሴኮንድ ያሳለፈው ልጅ ግን ባቡሩን በሰዓት 156 ኪሎ ሜትር ነድቶታል።

ይህ የጨዋታ ሒሳብ ብቻ አይደለም። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር በመታጠፊያው ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በመድረሱ ከሐዲድ ወጥቶ ወደ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፊዚክስ እንደሚያስተምረን በመታጠፊያ ላይ ባቡሩን ወደ ውጪ የሚገፋ የሚመስለው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ፥ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ይህን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈ ተማሪ ብዙ ነው። በትንሹ ገበታ ላይ ፉርጎው ዘንበል ሲል በዓይኑ ያየው ግን አይረሳውም፤ ነገ የባቡር ወይም የመኪና መሪ ሲይዝም ያስታውሰዋል። ስለዚህ በገበታችን ላይ ከመታጠፊያው በፊት የፍጥነት ወሰን የተጻፈበት ትንሽ ምልክት ይቁም፥ ነጂውም ይታዘዘው።

የቀድሞው መንገድ ባለ አንድ መስመር ስለነበር፥ ወዲያና ወዲህ የሚሄዱት ባቡሮች ሊተላለፉ የሚችሉት በጣቢያ ብቻ ነበር። ይህን በቤት ለመሥራት አንዲት አጭር ዱላ ትዘጋጅ። ዱላዋን በእጁ ያልያዘ ነጂ ከጣቢያው አይወጣም። ዱላዋ አንዲት ስለሆነች በመንገዱ ላይ ሁለት ባቡር ሊገናኝ አይችልም። በብዙ አገር የባለ አንድ መስመር ባቡር በዚህ ዓይነት ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የጉዞ ሠንጠረዥ ይውጣ፦ ቡናና ቆዳ የጫነው ወደ ጂቡቲ ሲወርድ፥ ጨርቅና ነዳጅ የጫነው ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ፥ የመንገደኛው ባቡር ቅድሚያ ሲሰጠው። አንዱ ጣቢያ ሹም፥ ሁለቱ ነጂዎች፥ አንዱ ጸሐፊ ሆነው አራት ልጆች ባንድ ገበታ ይሠራሉ። መጫወቻው በሳምንት የሚሰለቸው ሥራ ስለሌለው ነው፤ ሥራ የተሰጠው ባቡር ግን አይሰለችም።

፱ኛ. ማጠቃለያ

እንግዲህ ውድ የትምህርት ጓደኞቻችን፥ ሁሉን ባንድ ጊዜ እንግዛ ብላችሁ ወላጆቻችሁን አታስጨንቁ። በመጀመሪያው መንፈቅ ገበታውንና ገደሉን፥ በሁለተኛው ሐዲዱንና ሽቦውን፥ በሚቀጥለው ዓመት ጣቢያውንና ዛፎቹን መሥራት ይቻላል። ሎኮሞቲቭ ለመግዛት አቅም የሌለውም ቢሆን ፉርጎውን በእጁ ገፍቶ፥ ሕንፃውን በካርቶን ሠርቶ፥ ከዚህ ጽሑፍ አብዛኛውን ትምህርት ሊያገኝ ይችላል። ሁለት ሦስት ሆኖ መሥራት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራልና።

መምህራንም ገበታውን ለክፍል ሥራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የማካፈልና የክብ ሒሳብ፥ የኤሌክትሪክ መከላከል፥ የፍጥነት ሕግ፥ የአዋሽ ሸለቆ ጂኦግራፊ ሁሉ በላዩ አሉ።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚያስቸኩለውን እንናገራለን። በአዲስ አበባ፥ በአዳማ፥ በአዋሽ፥ በድሬዳዋና በሌሎችም ከተሞች በቀድሞው ምድር ባቡር የሠሩ አባቶችና እናቶች አሉ። ጣቢያው ምን ቀለም እንደነበረው፥ ደወሉ ስንት ጊዜ ይደወል እንደነበረ፥ መለወጫውን ማን ይጠብቅ እንደነበረ የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። ሜትርና ደብተር ይዛችሁ፥ የሚፈቅደውንም ሰው አስፈቅዳችሁ፥ የቆመውን ሕንፃ ለኩ፤ ከሽማግሌዎቹም እየጠየቃችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የምትሠሩት ትንሹ ባቡር የእናንተ መደሰቻ ብቻ አይሆንም፤ ልጆቻችን «ባቡሩ እንዴት ነበር?» ብለው ሲጠይቁ በጣት የሚታይ መልስ ይሆናል። ሥራ ለሠሪው ነውና፥ መጋዙን ለማንሣት ዛሬ እንጀምር።